የአጥንት መሳሳትና መደርደሪያችን ላይ ያሉት ቫይታሚኖች

በዛሬው ጽሑፌ ስለ አጥንት ልናወራ ነው። «እኔ ገና ነኝ፤ ይህ የአረጋውያን ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን ከማለፋችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የእናታችሁ ወይም የአማታችሁ ቀሚስ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መሬት መጥረግ ጀምሯልን?

ጥያቄው እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። በእኛ ቤት ግን ነገሩ የታየው በቀሚስ ነው። እማማ እያልኩ የምጠራቸው የባለቤቴ እናት አብረውን ይኖራሉ። ለበዓል የሚለብሱት የሐበሻ ቀሚስ ረዘመባቸውና ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ አሳጠርኩላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ቀሚስ እንደገና ረዘመ፤ እንደገና አሳጠርኩት። «ሰፊው ነው በደንብ ያልሠራው» ተባባልን እንጂ፣ ቀሚስ በራሱ እንደማይረዝምና ያጠሩት እማማ ራሳቸው መሆናቸውን ማናችንም ልብ አላልንም። ወገባቸውን ሲያማቸው «ልጄ፣ እርጅና ነው፤ ምን ታደርጊዋለሽ?» ይሉኝ ነበር። እኔም አምኜ ዝም አልኩ።

አንድ የክረምት ማታ ከጓዳ ወደ ሳሎን ሲሻገሩ እርጥብ መሬት አዳለጣቸውና በጎናቸው ወደቁ። ከፎቅ አልወደቁም፣ መኪናም አልገጫቸውም፤ ከቆሙበት ነው የወደቁት። እኔ ብወድቅ ምናልባት ልብሴን አራግፌ እነሣ ነበር። የእማማ የዳሌ አጥንት ግን ተሰበረ።

በማግሥቱ ሐኪሙ «የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘሽ ነይ» አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በኩራት ነበር የሄድኩት። ከአሜሪካ የባለቤቴ እኅት በየጊዜው የምትልክላቸው ቫይታሚን መደርደሪያ ሙሉ ነበርና። ሁለት ብልቃጥ ካልሲየም፣ አንድ ቫይታሚን ዲ፣ አንድ የተቀላቀለ ቫይታሚን፣ አንድ የዓሣ ጉበት ዘይት በፌስታል ይዤ ቀረብኩ። ሐኪሙ አንድ በአንድ እያነሡ አነበቧቸው። የአንዱ ጊዜ ካለፈ ዓመት ሆኖታል፤ ሌላው ገና አልተከፈተም። እማማ አንዳንድ ቀን ሦስት ፍሬ ባንድ ጊዜ እየዋጡ፣ አንዳንድ ቀን እየረሱ፣ ለጎረቤትም እያካፈሉ ነበር የኖሩት። «ማን አዘዘላቸው?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም።

ቀጥለው የጠየቁኝ ደግሞ ይበልጥ አስደነገጠኝ። «አስም አለባቸው? ሲያፍናቸው ምን ይወስዳሉ?» ለካ እማማ ከብዙ ዓመት በፊት በተጻፈላቸው ማዘዣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ኪኒን እየገዙ፣ አንዳንዴም ለወራት ሳያቋርጡ ሲውጡት ኖረዋል። ይህ መድኃኒት በሐኪም ክትትል ሲወሰድ የብዙዎችን ሕይወት ያተርፋል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን አጥንትን ያሳሳል። እኛ ቫይታሚን በመደርደሪያ ላይ ስንደረድር፣ አጥንታቸውን የሚጎዳው ነገር ትራሳቸው ሥር ነበር።

ይህን የምጽፍላችሁ ቫይታሚን አይጠቅምም ለማለት አይደለም። ቫይታሚን የጎደለውን ይሞላል፤ የሳሳ አጥንትን ግን ብቻውን አያድንም። ይህን ሳንለይ በመቅረታችን ብዙ ዓመት አለፈን። እናንተ እንዳያልፋችሁ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

የአጥንት መሳሳት ምንድን ነው?

አጥንት እንደ ድንጋይ የደረቀ ነገር አይደለም። አሮጌው እየፈረሰ አዲሱ እየተተካ ዕድሜ ልኩን የሚታደስ ሕያው አካል ነው። እስከ 30 ዓመት ገደማ ድረስ የሚገነባው ከሚፈርሰው ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቀስ በቀስ ወደ መፍረስ ያደላል። በሴቶች ደግሞ የወር አበባ ሲቋረጥ አጥንትን ይጠብቅ የነበረው ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ ማፍረሱ ይፈጥናል። ከማረጥ በኋላ ባሉት 5 እስከ 7 ዓመታት ውስጥ አንዲት ሴት እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን የአጥንት ክምችቷን ልታጣ ትችላለች።

ችግሩ ይህ ሁሉ ሲሆን ምንም አለማመሙ ነው። ሕመሙ የሚመጣው ስብራቱ ሲመጣ ነው። በብዛት የሚሰበሩትም የእጅ አንጓ፣ የአከርካሪና የዳሌ አጥንቶች ናቸው። የአከርካሪ አጥንት ያለ ምንም መውደቅ፣ ድስት በማንሣት ወይም በማስነጠስ ብቻ ሊጨፈለቅ ይችላል። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ የሚያጥሩትና የሚጎብጡትም በዚህ ምክንያት ነው። በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሴቶች ከሦስቱ አንዷ፣ ከወንዶች ደግሞ ከአምስቱ አንዱ በቀሪ ዘመናቸው በአጥንት መሳሳት የተነሣ ስብራት እንደሚያገኛቸው ይገመታል። ስለዚህ ወንድሞችም ይህን ገጽ ለሚስቶቻችሁ ብቻ አትተዉት።

ይበልጥ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው እነማን ናቸው? እናታቸው ወይም አባታቸው የዳሌ ስብራት የደረሰባቸው፣ ከ45 ዓመት በፊት ያረጡ፣ በጣም ቀጫጭን የሆኑ፣ የሚያጨሱ፣ አልኮል የሚያበዙ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ የወሰዱ፣ እንዲሁም ከመጠን በላይ የሚሠራ እንቅርት ወይም የቁርጥማት በሽታ ያለባቸው ናቸው። እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ አለ። ፕሬድኒሶሎን የምትወስዱ ከሆነ ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ አታቁሙ፤ በድንገት ማቆም ራሱ አደገኛ ነው። ሐኪማችሁን «አጥንቴንስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቫይታሚኖቹ ምን ይሠራሉ?

ካልሲየም የአጥንት ዋና መገንቢያ ነው። ቫይታሚን ዲ ደግሞ ካልሲየሙ ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ የሚያደርግ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ብዙም አይሠራም። ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት በቀን 1,200 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች ያለች ደግሞ 1,000 ሚሊግራም ካልሲየም እንድታገኝ ይመከራል። ለወንዶች እስከ 70 ዓመት 1,000፣ ከዚያ በላይ 1,200 ሚሊግራም ነው። ቫይታሚን ዲ እስከ 70 ዓመት 600፣ ከ70 በላይ 800 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ከምግብ የሚገኘውን ጨምሮ ነው እንጂ በኪኒን ብቻ የሚወሰድ መጠን አይደለም።

ኪኒኑ ስብራትን ይከላከላል ወይ? የተደረጉት ጥናቶች የሚሰጡት መልስ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በፈረንሳይ በእንክብካቤ ቤቶች በሚኖሩ 3,270 አረጋውያን ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ወጥቶ ነበር። በየቀኑ 1,200 ሚሊግራም ካልሲየምና 800 ዩኒት ቫይታሚን ዲ የወሰዱት ሴቶች የዳሌ ስብራታቸው በ43 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። እነዚህ ከቤት የማይወጡና ብዙዎቹም ቫይታሚን ዲ የጎደላቸው እናቶች ነበሩ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ከ36,000 በላይ በሆኑ ያረጡ ሴቶች ላይ የተደረገው ትልቅ ጥናት የዳሌ ስብራት በሚያረጋግጥ መጠን አለመቀነሱን፣ የኩላሊት ጠጠር ግን በ17 በመቶ መጨመሩን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውና ወደ 26,000 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ፣ ጉድለት እንዳለባቸው ሳይለዩ ለጤነኛ ጎልማሶች በቀን 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ መስጠት ስብራትን እንዳልቀነሰ አመለከተ።

እነዚህ ጥናቶች አይጋጩም። የጎደለው ሰው ሲሞላለት ይጠቀማል፤ ያልጎደለው ሰው ሲጨመርለት ብዙም አይጠቀምም፤ ሲበዛበት ደግሞ ሊጎዳ ይችላል። በአውስትራሊያ ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች በዓመት አንድ ጊዜ 500,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ሲሰጣቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ውጤት መውደቅም ስብራትም ጨምሮ መገኘቱን አሳይቷል። «ከበዛ ምን ይጎዳል?» የሚለው የለመድነው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም።

ካልሲየም እንድትወስዱ ከታዘዘላችሁ የሚከተሉትን አስታውሱ።

1. ሰውነት ባንድ ጊዜ በደንብ የሚቀበለው እስከ 500 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጠዋትና ማታ ተከፋፍሎ ይወሰድ።

2. ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ካልሲየም ሲትሬት የሚባለው ግን በባዶ ሆድም ይሆናል።

3. የብልቃጡን ጽሑፍ በደንብ አንብቡ። 1,250 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት በውስጡ የያዘው ካልሲየም 500 ሚሊግራም ብቻ ነው።

4. ከአይረን ኪኒን፣ ከእንቅርት መድኃኒትና ከአንዳንድ አንቲባዮቲኮች ጋር ባንድ ላይ አትዋጡት፤ እንዳይሠሩ ያግዳቸዋል። በመካከላቸው ምን ያህል ሰዓት መቆየት እንዳለበት ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

5. የዓሣ ጉበት ዘይትና የተቀላቀለ ቫይታሚን አብራችሁ የምትወስዱ ከሆነ ሁለቱም ቫይታሚን ኤ እንዳላቸው እወቁ። ቫይታሚን ኤ ከመጠን ሲያልፍ አጥንትን ይጎዳል።

6. የኩላሊት ሕመም ወይም ጠጠር ኖሮባችሁ የሚያውቅ ከሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጀምሩ።

ከመደርደሪያው በፊት ጓዳችን

በጓዳችን ያለውን ብናውቀው ብዙ ነገር አለን። አንድ ኩባያ ወተት 300 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ይሰጣል፤ እርጎም እንዲሁ። 100 ግራም የጤፍ እህል 180 ሚሊግራም ያህል አለው። ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዘው ነገር ስለሚቀንስ እንጀራችን ከዚህ ይጠቀማል። ጎመን ካልሲየሙን ለሰውነት በቀላሉ የሚሰጥ ቅጠል ነው። ቆስጣና ስፒናች ግን ካልሲየም ቢኖራቸውም ኦክሳሌት የሚባል ነገር አጥብቆ ስለሚይዘው ሰውነታችን የሚያገኘው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለአጥንት ብላችሁ ስትመርጡ ጎመኑን አስቀድሙ። አይብ ጥሩ የፕሮቲን ምግብ ነው፤ ነገር ግን ብዙው ካልሲየም ከአጓቱ ጋር ስለሚወጣ የወተትን ያህል አይሆንም።

ፕሮቲንንም አትርሱ። ብዙ አረጋውያን እናቶቻችን ሻይ በዳቦ ቀምሰው ይውላሉ። አጥንትም ጡንቻም ያለ ፕሮቲን አይጸናም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ፣ አቅም ሲኖርም ሥጋውና ዓሣው ወደ እነርሱም ማዕድ ይድረስ። ጨው ማብዛት ካልሲየምን በሽንት ስለሚያስወጣ ቀነስ ይደረግ። ቡና በልኩ አይከለከልም፤ የወተቱን ቦታ ከወሰደ ግን ችግር ነው።

የፀሐይ ነገር

አገራችን የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር ናት እንላለን። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ በአዳማ አካባቢ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከልጆቹ 42 በመቶ የሚሆኑት የቫይታሚን ዲ ጉድለት እንዳለባቸው አሳይቷል። በከተማ ከሚማሩት 61.8 በመቶ፣ በገጠር ከሚማሩት ደግሞ 21.2 በመቶ ነበሩ። ፀሐይዋ ያው አንዲት ናት፤ ልዩነቱ ፀሐይ ላይ መዋልና ቤት ውስጥ መዋል ነው። በሕንፃ ውስጥ የሚውል፣ በመኪና የሚሄድ፣ ከቴሌቪዥን ፊት የሚያመሽ ልጅ የአሥራ ሦስት ወሩ ፀሐይ አይደርሰውም። እናቶቻችንም ተከናንበው በመስኮት ዳር ቢቀመጡ፣ መስታወት ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር ስለሚያግድ ሙቀቱን እንጂ ጥቅሙን አያገኙም።

በጣም የማለዳ ፀሐይ ለዚህ ደካማ ናት። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ሲያጥር ያለው ሰዓት ይሻላል። እጅና እግርን ገልጦ ለጥቂት ጊዜ በዚያ ሰዓት መንቀሳቀስ ይበቃል፤ ቆዳ እስኪቃጠል መቀመጥ አያስፈልግም። የቆዳ ቀለማችን ከነጮቹ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ በዕድሜ የገፋ ቆዳም እንዲሁ። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች በክረምት ፀሐይ ብትወጣም ቫይታሚን ዲ የማትሰጥበት ወራት አሉ። በአረብ አገራት ቤት ውስጥ የምትሠሩ እኅቶችም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላታዩ ትችላላችሁ። ለእንደ እናንተ ዓይነቱ ተመርምሮ ኪኒን መውሰድ ተገቢ ነው።

አጥንት በሥራ ይጸናል፣ ቤትም ይስተካከል

አጥንት ሸክም ሲሰማው ይጠነክራል፤ ሲያርፍ ይሳሳል። በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ደረጃ መውጣት፣ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ጠረጴዛ ይዞ ባንድ እግር መቆም፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ አያስወጡም። አጥንታቸው አስቀድሞ የሳሳ ሰዎች ግን ጎንበስ ብሎ ጀሪካን ወይም ባልዲ ማንሣት ይቅርባቸው። የወገብ ሕመም የጀመራቸውን አረጋውያን ሳያስመረምሩ ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸትም አደገኛ ነው፤ የተጨፈለቀ አከርካሪ ሊሆን ይችላልና።

ስብራት ከሳሳ አጥንት ብቻ አይመጣም፤ ከመውደቅም ጭምር እንጂ። ዛሬ ማታ ቤታችሁን በእናታችሁ ዓይን ተመልከቱት። የሚሸራተት ምንጣፍ፣ እርጥብ የሻወር ቤት ወለል፣ ከኋላ ክፍት የሆነ ነጠላ ጫማ፣ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ወደ ሽንት ቤት የሚወስድ ጨለማ መንገድ፣ ሁሉም አጥንት ሰባሪዎች ናቸው። መብራት ሲጠፋ የሚያበሩት ባትሪ ከራስጌያቸው ይኑር። መነጽራቸው የዓይናቸው ልክ መሆኑን አረጋግጡ። የቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይም ወጣቶች ክንዳቸውን ይስጧቸው።

ሐኪም ጋ መቼ እንሂድ?

ከቆሙበት ወድቀው አጥንት የተሰበረባቸው፣ ከወጣትነት ቁመታቸው 4 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ያጠሩ፣ ድንገተኛ የጀርባ ሕመም ያደረባቸው ሳይዘገዩ ይታዩ። ዴክሳ የሚባለው ምርመራ የአጥንትን ጥግግት ይለካል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መለኪያ መሠረት ውጤቱ ከዜሮ በታች 2.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን የአጥንት መሳሳት ይባላል። መሣሪያው በሁሉም ቦታ አይገኝም። ነገር ግን እንደ እማማ ቀላል በሆነ መውደቅ የዳሌ አጥንት የተሰበረበት ሰው ሕክምና ለመጀመር እርሱን መጠበቅ የለበትም።

የሳሳ አጥንትን የሚያክሙ መድኃኒቶች አሉ። ከእነርሱ አንዱ አሌንድሮኔት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ይወሰዳል። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ተውጦ፣ ለግማሽ ሰዓት ሳይተኙና ምንም ሳይቀምሱ መቆየት ያስፈልጋል። ይህ ካልተጠበቀ ጉሮሮን ያቆስላል፣ መድኃኒቱም አይሠራም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። በጉባኤዎቻችን ከተጸለየላቸው በኋላ መድኃኒታቸውን የሚያቆሙ እናቶች አጋጥመውኛል። ለእማማ ጸልየናል፣ ዛሬም እንጸልያለን። ኪኒናቸውን በሰዓቱ መስጠት ግን ጸሎታችንን አያጎድለውም። ተሽለው ከሆነም ሐኪሙ ይመሰክራልና፣ ሐኪሙ ሳያውቅ አይቆም።

ለባልና ሚስት

ውድ ባለትዳሮች፣ የዚህን ቤት ሥራ አብራችሁ ሥሩት። በዚህ ሳምንት የሁላችሁንም ቁመት በበሩ መቃን ላይ ለኩና በእርሳስ አስምሩ፤ ቀኑንም ጻፉበት። በየዓመቱ ለኩት። የመድኃኒት መደርደሪያውን አውርዱና ጊዜው ያለፈበትን አስወግዱ፣ የቀረውን ይዛችሁ ባለሙያ ጠይቁ። ባሎች ሆይ፣ ሚስታችሁ ስታርጥ ሙቀቱንና የስሜቷን መለዋወጥ ብቻ አትዩ፤ አጥንቷም በዚያው ጊዜ እየተሸረሸረ ነውና «ነይ አብረን እንራመድ» በሏት። ልጃገረዶች ያላችሁም አስቡበት። ለስልሳ ዓመታቸው የሚሆነውን አጥንት የሚያከማቹት ዛሬ በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው። «ወፈርኩ» ብለው ወተቱንም ምግቡንም ሲተዉ ዝም አትበሉ።

እማማ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ከአራት ወር በኋላ በምርኩዝ ወደ ጉባኤ ተመለሱ። ሁሉ እንዲህ አይሆንለትም። የዳሌ አጥንታቸው ከሚሰበር አረጋውያን ብዙዎች ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚያርፉ በኋላ ሳነብ አልቅሻለሁ። ዛሬ የአስማቸው መድኃኒት በሐኪም ተስተካክሏል። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ብርጭቆ ውኃና ያቺን አንዲት ፍሬ ይዞላቸው ይገባል፤ ግማሽ ሰዓቱ እስኪሞላም አጠገባቸው ተቀምጦ ያጫውታቸዋል። ከመደርደሪያው ላይ የቀረው ሐኪሙ ያዘዘላቸው አንድ ብልቃጥ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ብቻ ነው። እኔም አርባዎቹን እያጋመስኩ ነኝና በመቃኑ ላይ ከእርሳቸው መስመር አጠገብ የራሴን አስምሬአለሁ።

የእናታችሁን ቀሚስ ተመልከቱ። ረዝሞ ከሆነ ልብስ ሰፊ ጋ ብቻ አትውሰዱት፤ እናታችሁንም ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። ጌታ ይባርካችሁ።